ወኪላችን ከማን ጋር ነው የሚቀመጠው?



ምርጫ በተነሳ ቁጥር በግቢያችን አንድ የተለመደ ቆጠራ አለ። ከዒሻ በኋላም ሆነ በካፌ ወረፋ ላይ የዕጩዎቹ ስም ይነበባል፤ አህመድ፣ ከድር፣ ሙስጠፋ፣ ዘይነባ የሚል ስም በተገኘ ቁጥር ጣት ይታጠፋል። «ዘንድሮ ይህን ያህል አለን» ተብሎ ይዘጋል። ከሺርካ፣ ከሙኔሳ፣ ከዲገሉና ጢጆ፣ ከበቆጂ የመጣን ልጆች ይህን ቆጠራ ከቤታችን ይዘነው ነው የመጣነው። ጎበሳ ላይም በገበያ ቀን እንዲሁ ይቆጠራል።

ስም መቁጠር ነውር የለውም። ለረጅም ዘመን ከመንግሥት ደጃፍ ርቆ የኖረ ሕዝብ የራሱን ስም በዝርዝር ውስጥ ሲያገኝ ቢደሰት ማን ይፈርድበታል? ግን ከስሙ ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል። ይህ ሰው ምክር ቤት ሲገባ ከእነማን ጋር ነው የሚቀመጠው? ከእነማን ጋር ይመክራል? እጁን ከእነማን ጋር ያነሳል? በሌላው ዓለም ይህ ነገር ኮከስ ይባላል፤ በአንድ ዓላማ ወይም በአንድ አስተሳሰብ የተሰባሰቡ የምክር ቤት አባላት ቡድን ማለት ነው። በእኛ ምክር ቤት ውስጥም «የሴት ተወካዮች ኮከስ» የሚባል ስላለ ቃሉ እንግዳ አይደለም። በአስተሳሰብ የተሰባሰበ፣ ስሙን የሚናገርና አባላቱን የሚያሳውቅ ኮከስ ግን አናውቅም። የለም ማለታችን አይደለም። ስሙን ሳይናገር የኖረ ግን ሞልቶ ነበር፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ስም ብቻውን ምን ያህል እንደሚነግረን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሚያዝያ 2010 ወ/ሮ ሙፈሪያት ካሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። ወ/ሮ ኬሪያ ኢብራሂም ደግሞ በዚያው ሰሞን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። የአገሪቱ ሁለት ምክር ቤቶች በሁለት ሙስሊም ሴቶች ይመሩ ነበር ማለት ነው። ያኔ ገና ታዳጊዎች ነበርን፤ የሰፈራችን ሰው እንዴት እንደተደሰተ ግን እናስታውሳለን። ሁለት ዓመት ብቻ ቆጥራችሁ ወደ ሰኔ 2012 ኑ። ወ/ሮ ኬሪያ የምርጫውን መራዘምና የሕገ መንግሥት ትርጉሙን ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ወ/ሮ ሙፈሪያት በፌዴራሉ መንግሥት የሰላም ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ አንዷ ከሕወሓት ወገን፣ ሌላዋ ከፌዴራል መንግሥት ወገን ተገኙ። የሁለቱም ስም ከአንድ መዝገብ የተቀዳ ነው። የሚቀመጡበት ወገን ግን የተለያየ ነበር፤ የወሰነውም እሱ ነው። ማን ልክ ነበረች የሚለውን እዚህ አንፈርድም። የምንለው የእነዚህን ሁለት ሴቶች ቀጣይ እርምጃ ለመገመት ከስማቸው ይልቅ የድርጅታቸውን ስም ማወቅ ይበጅ ነበር ነው።

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚናገረው ግልጽ ነው። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑ ይደነግግና የሚገዙለትን ሦስት ነገር ይቆጥራል፤ ሕገ መንግሥቱን፣ ሕዝቡንና ሕሊናቸውን። ፓርቲ የሚል ቃል ከሦስቱ ውስጥ የለም። በተግባር ግን ለብዙ ዓመታት የገዛው አራተኛው ነው። ኢሕአዴግ «ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» የሚለው መርህ ነበረው። ውስጥ ገብተህ ተከራከር፤ ከተወሰነ በኋላ ግን አናሳው ለብዙኃኑ ይገዛል፣ ውጭ ወጥቶም ሌላ ነገር አይናገርም። ዛሬም ቢሆን በሚኒስትር ማዕረግ የተቀመጠ የመንግሥት ዋና ተጠሪ አለ፤ ዋና ሥራውም የገዢውን ፓርቲ አባላት በምክር ቤቱ ውስጥ ማስተባበር ነው። የፓርቲ ዲሲፕሊን በየትኛውም አገር ያለ ነው፤ ካለ እሱ መንግሥት አይቆምም የሚለውን ክርክርም እንረዳለን። ነገር ግን በ2002 ምርጫ ከ547 መቀመጫ ለተቃዋሚ የደረሰው አንድ፣ የአቶ ግርማ ሰይፉ ወንበር ብቻ ነበር። በ2007 ያም ጠፋና ሁሉም የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። በ2013 ደግሞ ብልፅግና ውጤታቸው ከተገለጸ 436 መቀመጫዎች 410ሩን ወሰደ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ልዩነት ካለ የሚገኘው በፓርቲዎች መካከል ሳይሆን በአንዱ ፓርቲ ሆድ ውስጥ ነው። ሆድ ውስጥ ያለውን ደግሞ መራጩ አያየውም።

አንድ ቀን ብቻ ታየ፤ የካቲት 23 ቀን 2010። የዓድዋ በዓል ዕለት ነበር። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን በተናገሩ ማግስት፣ የካቲት 9፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። በአንቀጽ 93 መሠረት አዋጁ በምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ ነበረበት። የኦሮሚያ ከተሞች ውጤቱን ይጠባበቁ ነበር። ድምፁ ሲቆጠር 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ ተባለ። ተቃዋሚ በሌለበት ምክር ቤት ውስጥ ሰማንያ ስምንት እጅ በተቃውሞ ተነሳ! ከዚያ በኋላ ነው የሒሳቡ ነገር የመጣው። ያኔ ከነበሩት 539 አባላት ሁለት ሦስተኛው 360 ነው፤ 346 ደግሞ አሥራ አራት ይጎድለዋል። ብዙም ሳይቆይ የተባለው ቁጥር ስህተት ነበር፣ ትክክለኛው 395 ነው ተባለ። (የአንደኛ ዓመት የሒሳብ መምህራችን ይህን ቢያዩ «አሠራሩን አሳይ» ይሉ ነበር።)

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኛን የሚገርመን ሌላ ነገር ነው። ሰማንያ ስምንቱ በብዛት የኦሕዴድ አባላት እንደነበሩ በወቅቱ በሰፊው ተነግሯል። ኦሕዴድ 178 መቀመጫ ነበረው። ሁሉም ተቃዋሚዎች ከኦሕዴድ ነበሩ ብለን ብንወስድ እንኳ ግማሽ ለመሙላት አንድ ይጎድላቸዋል። ቢያንስ ግማሹ የኦሮሚያ ተወካይ ወይ ደግፏል፣ ወይ ተአቅቦ መርጧል፣ ወይ አልመጣም። የእኛው ከየትኛው ግማሽ ነበር? በአርሲ ስንት ምርጫ ክልል አለ፤ የየትኛው ተወካይ እጁን አነሳ፣ የየትኛው አጣጠፈ? ድምፁ የተሰጠው እጅ በማውጣት ነው። የተነገረው ድምር ነው፤ ስም በስም የተጻፈ ዝርዝር ለመራጩ አልደረሰም። ሰዎች የቴሌቪዥን ምስል እያቆሙ ፊት ሲፈልጉ ሰንብተዋል። በዚያ ሰሞን ጎበሳ ላይ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሽማግሌ «የእኛ ልጅ ምን አደረገ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አልነበረም። ያ ልጅ ጀግና ሆኖ ከሆነ አልተመሰገነም፤ ሌላ ሆኖ ከሆነም አልተጠየቀም።

ከዚያ ድምፅ ጀርባ ቡድን ነበር። ሰማንያ ስምንት ሰው በአጋጣሚ አንድ ላይ እጅ አያነሳም፤ ቀድሞ ተመካክሯል፣ አንዱ በአንዱ ተማምኗል። ሕዝቡ «ቲም ለማ» ይለው የነበረውም የዚህ ወገን ፊት ነው። ኮከስ ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ስም፣ የአባላት ዝርዝርና የተጻፈ አቋም የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህም መጋቢት 24 አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሾም ያ ቡድን አሸነፈ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ምን ቃል ገብቶ እንደነበር ወረቀት አውጥቶ የሚጠይቀው አልተገኘም። ቃሉ በወረቀት አልነበረማ!

ስሙን ሳይናገር የኖረ ኮከስ ብለን ወደጀመርነው እንመለስ። በዚህ ረገድ የአርሲ ሰው ከማንም በላይ የሚያውቀው ታሪክ አለ። በንጉሡ ዘመን ፓርላማ ፓርቲ አልነበረም፤ ተወካዮቹ እያንዳንዳቸው በግል ነው የተመረጡት። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ግን ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ንብረት ማለት በዚያ ዘመን በአብዛኛው መሬት ነው። በ1960 አካባቢ ስዊድናውያን ከመንግሥት ጋር ሆነው በአሰላ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትን፣ ካዱን፣ ጀመሩ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር መጣ። ትራክተርም መጣ፤ ከትራክተሩ ጋር ደግሞ መፈናቀል። ባለመሬቱ በማሽን ማረስ እንደሚያዋጣው ሲያይ ጭሰኛውን አስነሳ። አያቶቻችን የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ስዊድናውያኑ የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ሕግ እንዲወጣ አጥብቀው ጠየቁ፤ ረቂቁም ተዘጋጅቶ ፓርላማ ገባ። ገብቶም እዚያው ተኛ። አብዮቱ እስኪመጣና የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 እስኪታወጅ ድረስ አልተነሳም።

ያንን ረቂቅ ማን አስተኛው? በስም «የባለመሬቶች ኮከስ» የሚባል አልነበረም። የተፈራረመ ሰው የለም፣ ጽሕፈት ቤት የለም፣ ሊቀመንበር የለም። ነገር ግን የባለመሬት ወገን በምክር ቤቱም በሴኔቱም ሞልቶ ነበር፤ ዝም ብሎ መቀመጡ ብቻ ይበቃው ነበር። የጭላሎ ጭሰኛ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ያሸነፈውን ቡድን ስም ሳያውቅ ተሸነፈ። በግልጽ የተመዘገበ የባለመሬቶች ቡድን ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ከማን ጋር እንደሚታገል ያውቅ ነበር።

ወደ ውጭ እንመልከት። በአሜሪካ ምክር ቤት በ1991 በፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተ የተራማጆች ኮከስ አለ፤ አባላቱ በይፋ ይታወቃሉ። ለዚያ ምክር ቤት የተመረጠው የመጀመሪያው ሙስሊም ኪት ኤሊሰን ለዓመታት ከዚህ ኮከስ ተባባሪ ሊቀመንበሮች አንዱ ነበር። የእሱን ወንበር የወረሰችው፣ በኬንያ የስደተኞች ካምፕ ያደገችው ሶማሊያዊቷ ኢልሃን ኡመርም የዚሁ ኮከስ አባል ናት። ሁለቱም የተመረጡት ብዙ ኦሮሞና ሶማሊ ከሚኖርባት ከሚኒያፖሊስ ነው፤ ከአርሲ የሄዱ ዘመዶቻችንም እዚያ አሉ። መራጩ ኢልሃንን ሲመርጥ ስለ ጤና መድን፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ስለ ጦርነት ምን እንደምትል ከኮከሱ ያውቃል። በዚያ ኮከስ አቋሞች ውስጥ አንድ ሙስሊም ከዲኑ አንፃር የማይቀበላቸውም አሉ፤ እዚያ ያሉ ወንድሞቻችንም በዚህ ይከራከራሉ። መከራከር የቻሉት ግን አቋሙ በአደባባይ ስለተቀመጠ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ2015 የተመሠረተው የነፃነት ኮከስ የሚባል የወግ አጥባቂዎች ቡድን አለ። እሱ የአባላቱን ሙሉ ዝርዝር በይፋ አያወጣም፤ ከአባላቱ ሰማንያ በመቶው የተስማማበትን ሁሉም እንዲደግፈው የሚያስገድድ ደንብ እንዳለው ግን ይታወቃል። ስለዚህ ጋዜጠኞቹ አባላቱን እየለቀሙ ሲቆጥሩ ይኖራሉ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል፣ አቋሙን ብንጠላው እንኳ ስሙን የሚናገረውን እንመርጣለን።

አሁን ወደ ራሳችን። በጀመዓችን ውይይት ላይ «ሙስሊም ተወካዮች የሙስሊም ኮከስ ይመሥርቱ» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል። ሐሳቡ ከምን እንደመጣ እናውቃለን። በሚያዝያ 2004 እዚሁ አጠገባችን አሳሳ ላይ ቢያንስ አራት ሰዎች ሲገደሉ፣ በሐምሌ 2004 የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ሲታሰሩ፣ በ2007 ከሰባት እስከ ሃያ ሁለት ዓመት ሲፈረድባቸው ምክር ቤቱ ውስጥ ሙስሊም ተወካይ ጠፍቶ አልነበረም። የሶማሌ ክልል ብቻ 23 መቀመጫ አለው፤ አፋር 8። የኦሮሚያው፣ የደቡቡ፣ የአማራው፣ የሐረሪው ሲጨመር ብዙ ነበሩ። የእነዚያ ሁሉ ድምፅ የት ነበር? የሶማሌና የአፋር ተወካዮች «አጋር» ተብለው ወሳኙ ጠረጴዛ ላይ እንኳ አይቀርቡም ነበር፤ ሌሎቹ በማዕከላዊነቱ ታስረው ነበር። በ2017 አክሱም ላይ እህቶቻችን በሒጃባቸው ምክንያት ለፈተና እንዳይመዘገቡ ሲከለከሉ ነገሩ በፍርድ ቤት ዕግድ ነው የተያዘው። ስለዚህ የሙስሊም ኮከስ ይኑር የሚለው ወንድማችን በባዶ ሜዳ አይጮህም።

ቢሆንም በዚህ ሐሳብ አንስማማም፤ ለምን እንደሆነ በግልጽ እንናገር።

የመጀመሪያው ምክንያት ከላይ ከጠቀስነው ይነሳል። ያ ሁሉ ሙስሊም ተወካይ ያኔ ዝም ያለው ሙስሊም መሆኑን ስለረሳ አልነበረም። የታሰረበት ሌላ ማሰሪያ ስለነበረው ነው። ያንን ሳትፈታ አዲስ ስም ብትለጥፍበት የሚፈጠረው ለኢድ ጊዜ መልካም ምኞት የሚያስተላልፍ ቡድን ነው። ሁለተኛው፣ ሺርካ ውስጥ ያለው ገበሬ የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር፣ ስንዴው በደላላ ሲረክስ፣ ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጤና ጣቢያ ማድረስ ሲያቅተው ሃይማኖቱ አይጠየቅም። ጎረቤቱ ክርስቲያን ገበሬም እዚያው ጭቃ ውስጥ ነው። ለዚህ የሚታገል ቡድን ሁለቱንም ካልያዘ አቅም የለውም። ሦስተኛው፣ እኛ የሙስሊም ብንል ሌላውም የራሱን ይላል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሕግ ሃይማኖት እየተቆጠረ ሊጸድቅ ነው። በቁጥር አሸንፈን ብናድር እንኳ በማግስቱ የምንኖረው ከጎረቤት ጋር ነው።

መድረሳ ላይ ሲራ የተማርን ሁሉ ሒልፈል ፉዱልን እናውቃለን። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ወህይ ሳይመጣላቸው፣ በወጣትነታቸው፣ በመካ በአብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት የተደረገ ቃል ኪዳን ነው። ከየመን የመጣ ነጋዴ ዕቃውን ለአል-ዓስ ኢብን ዋኢል ሸጦ ገንዘቡን ተከለከለ። ነጋዴው የመካ ሰው አይደለም፣ ጎሳ የለውም፣ የሚቆምለት የለም። ከቁረይሽ የተለያዩ ቤቶች የተውጣጡ ሰዎች ተሰበሰቡና ማንም የተበደለ ሰው፣ የአገሩም ሆነ እንግዳ፣ ሐቁ እስኪመለስለት አብረውት ሊቆሙ ተማማሉ። ነቢዩ ከነቢይነት በኋላም ያንን ቃል ኪዳን በክብር ያነሱት ነበር፤ በእስልምና ዘመንም ወደዚያ ዓይነት ቢጠሩ እንደሚመልሱ ተናግረዋል። አስተውሉ፤ በዚያ ቤት የተሰበሰቡት በእምነት አንድ ስለሆኑ አይደለም፣ በጎሳም አይደለም። ዓላማው ታውቋል፣ የገቡት ሰዎች ታውቀዋል፣ ቃሉ በአደባባይ ነው። ለእኛ ከየትኛውም የውጭ አገር ኮከስ የሚቀርበን ምሳሌ ይህ ነው። የአሳሳው ሟች፣ የአክሱሟ ተማሪ፣ ከመሬቱ የተነሳው ገበሬ፣ ያለ ክስ የታሰረው ጋዜጠኛ የሚገናኙበት አንድ የበደል ኮከስ ቢኖር ሙስሊም ተወካዮቻችን ከፊት ቢገኙ ደስ ይለናል፤ ብቻቸውን ግን አይሁኑ።

ይህን ስንል የሚቀርብ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። አንድ ወንድማችን እንዲህ አለን፦ «እናንተ ስሙ ይጻፍ፣ ቡድኑ ይታወቅ ትላላችሁ። በዚህች አገር ስሙ የተጻፈ ተወካይ ምን እንደሚደርስበት አታዩም? አቶ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ አልነበረም ወይ በ2015 የታሰረው? ያለመከሰስ መብቱም የተነሳው ከወራት በኋላ ነው።» እውነት ነው፤ ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚያልፍ ሰው አስተዋይ አይደለም። እኛ የምናየው ግን እንዲህ ነው። ብቻውን የቆመ ሰው በቀላሉ ይነሳል። በ2010 የዓድዋ ዕለት እጅ ማንሳት የተቻለው ሰማንያ ስምንት ስለነበሩ ነው፤ አምስት ቢሆኑ ኖሮ ማግስቱን ማሰብ አይከብድም። ቡድን ለመራጩ መረጃ ነው፣ ለተወካዩ ደግሞ ከለላ ነው። ድብቅ ቡድን ከለላውን ለአንድ ቀን ይሰጣል፤ መረጃውን ግን ጨርሶ አይሰጥም።

ስለዚህ የጀመዓችን የውይይት ክፍል ለዕጩዎችና ለአሁኖቹ ተወካዮች የሚቀርብ አንድ ገጽ መጠይቅ አዘጋጅቷል። «ሙስሊም ነዎት ወይ?» የሚል ጥያቄ የለበትም። በምክር ቤቱ ውስጥ ከእነማን ጋር ሆነው ለመሥራት ያስባሉ? ከፓርቲዎ ውሳኔ ጋር የማይስማሙበት አንድ ጉዳይ ይጥቀሱ። አስፈላጊ በሆኑ አዋጆች ላይ ድምፅ በስም እንዲመዘገብ ይደግፋሉ? የምርጫ ክልልዎን ሕዝብ በዓመት ስንቴ ያገኛሉ፣ የት? ጥያቄዎቹ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፈዋል። የክርስቲያን ተማሪዎች ወገኖቻችንም መጠይቁን አይተው የውኃና የመንገድ ጥያቄ አስጨምረዋል፤ ጀዛኩሙላህ ኸይር ብለናቸዋል፣ ስቀው ተቀብለዋል።

ለሴሚስተር ዕረፍት ወደ ጎበሳ፣ ወደ ሳጉሬ፣ ወደ በቆጂና ወደ ሁሩታ የምትሄዱ ቅጂውን ከመስጂዱ በር ላይ ካለው የጀመዓው ሣጥን ውሰዱ። ተወካዩን ካገኛችሁት በአክብሮት፣ «ጋሼ» ወይም «ኦቦ» ብላችሁ፣ ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ጠይቁት። መልሱን በራሱ ቃል ጻፉ፤ አልመልስም ካለም እንዲሁ ጻፉ። የተመለሱትንና ያልተመለሱትን ስም በስም በሚቀጥለው ዕትም እናወጣለን፣ ኢንሻአላህ።